ቅቤው ለማን?



ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አለ። አንዲት አራስ «አማቴ ለሕፃኑ ቅቤ ካላስዋጥኩት ብለው ቆርጠው ተነስተዋል፤ ምን ልበላቸው?» ትላለች። ሌላዋ እናት «ልጄ እንዳትወፍርብኝ ብዬ ቅባት የሚባል ነገር አላቀምሳትም፤ ገና 1 ዓመት ከመንፈቋ ነው። ደግ አደረግሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «እናቴ ኮሌስትሮል አለብዎት ከተባሉ ወዲህ ቅቤውን እርግፍ አድርገው ትተው በሚረጋው ዘይት ነው የሚሠሩት። ጀሪካኑ ላይ ‹ኮሌስትሮል የለውም› የሚል ተጽፏል፤ ተገላገልን ማለት ነው?» ይላል።

ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። በብዙ ቤቶቻችን አራስ ልጅ፣ ድክ ድክ የሚል ሕፃንና አያት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ ጓዳው አንድ ነው፤ የቅቤ ዕቃውም አንድ ነው። ያው ቅቤ ግን ለአንዱ አደጋ፣ ለሌላው መሠረት፣ ለሦስተኛው ሸክም ሊሆን ይችላል። እኔ ለዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁምና መድኃኒት አላዝም። ነገር ግን ቅባት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ፣ በሰውነታችን ውስጥም ምን እንደሚሠራ አንዴ ከገባን የሦስቱም ጥያቄ መልስ ከዚያው ይወጣል።

የመንሽ ጣቶች

ቅቤም፣ ዘይትም፣ ጮማም፣ ሞራም፣ ሰምም፣ ኮሌስትሮልም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቤተሰቡ ስም በሳይንሱ ሊፒድ ይባላል። የሚያዛምዳቸው መልካቸው ሳይሆን ጠባያቸው ነው፤ ከውሃ ጋር አይስማሙም። የማይገጥሙ ሰዎችን «ዘይትና ውሃ» የምንለውም ከዚሁ ተነስተን ነው። ሰውነታችን ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ የሊፒድ ነገር ሁሉ ውሃን የማይወድ ነገር ውሃ በሞላው ቤት ውስጥ እንዴት ተስማምቶ እንደሚኖር የሚያሳይ ነው።

ቅቤንም ዘይትንም እጅግ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ቢኖረን የምናየው ቅርጽ የመንሽ ነው፤ አያቶቻችን በአውድማ ላይ ገለባ የሚያነሱበት ባለ ሦስት ጣት መንሽ። ጣቶቹን አንድ ላይ የያዘው ግሊሰሮል ይባላል፤ ለደረቀ ቆዳ ከፋርማሲ የምንገዛው ግሊሰሪን እርሱው ነው። ሦስቱ ጣቶች ፋቲ አሲድ ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 የካርቦን አተሞች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ስብ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች መሠራቱን ያሳየው ሚሼል ሸቭሬል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር፤ ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ ሲመረምር የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አሳተመ። በ102 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ ማገዶ እንሂድ። ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ሲታሰር እርስ በርሱ ይገጥምና ጥብቅ ያለ እስር ይወጣዋል። ቆልማማ እንጨት ግን ቢያስሩትም ክፍተቱ ብዙ ነው፤ ይላወሳል። ስብም እንዲሁ ነው። የመንሹ ጣቶች ቀጥ ያሉ ከሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ስቡም ይረጋል። ጣቶቹ የታጠፉ ከሆኑ አይገጥሙምና ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሃይድሮጅን ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያለው ቦታ ሁሉ በሃይድሮጅን ከተሞላ ጣቱ ቀጥ ይላል፤ ይህ የጠገበው፣ «ሳቹሬትድ» የሚባለው ስብ ነው። ሃይድሮጅን የጎደለበት ቦታ ላይ ጣቱ ይታጠፋል፤ ይህ ያልጠገበው፣ «አንሳቹሬትድ» የሚባለው ነው።

በጓዳችሁ ያለውን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። የበሬ ሞራ ቀጥ ያለ ጣት ይበዛበታል፤ ጮማ በልተን ቀዝቃዛ ነገር ስንጠጣበት ላንቃችን ላይ የሚረጋው ለዚህ ነው። ቅቤም ብዙው ቀጥ ያለ ነው፤ ሆኖም አጫጭርና የታጠፉ ጣቶችም ስላሉት ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ ሁለት ቦታ የታጠፈ ጣት ነው። በተልባ ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሦስት ቦታ የታጠፈ ነው፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ቤተሰብ ይህ ነው። እነዚህ ዘይቶች በአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ እንኳ አይረጉም። የፓልም ዘይት ግን ከእንጨት ፍሬ ቢጨመቅም ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስለሆነ በየጓዳው ሲረጋ እናየዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ቪልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ፈሳሽ ዘይት ላይ ሃይድሮጅን ጨምሮ የሚያረጋበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ሥራው በከፊል ሲቀር አንዳንድ የታጠፉ ጣቶች ሃይድሮጅን ሳይጨመርባቸው እንዲሁ ቀጥ ይላሉ። ትራንስ ስብ የሚባለው ይህ ነው። ለልብ ከሁሉም የከፋው እርሱ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች ከምግብ ውስጥ እንዲያስወጡት ጥሪ አቅርቧል። ደረቅ ማርጋሪን ወይም የታሸገ ብስኩት ስትገዙ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ሁለት እንጀራ ዓይን ለዓይን

ብዙዎቻችን ስብ ሲባል የሚመጣብን ቦርጭ ነው። እርግጥ ስብ ስንቅ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ 1 ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ነው። ደግሞም ስብ ውሃ ይዞ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይከተታል። ግመል በሻኛው፣ በጉ በላቱ የተሸከሙት ይህንኑ ስንቅ ነው፤ ግመል በሻኛው ውሃ ይይዛል የሚባለው እውነት አይደለም።

ከስንቅነቱ የሚበልጥ ሥራ ግን አለው። ከመንሹ ሦስት ጣቶች አንዱን አውጡና በቦታው ውሃ የሚወድ ነገር፣ ፎስፌት ያለበትን ራስ ግጠሙበት። ሁለት ጭራ ያለው፣ በራሱ ውሃ የሚወድ፣ በጭራው ውሃ የሚሸሽ ፍጥረት ሆነ፤ ስሙ ፎስፎሊፒድ ነው። ይህ ነገር በውሃ መሐል ሲገኝ ማንም ሳያዘው ይሰለፋል። ሁለት እንጀራ ዓይን ለዓይን ገጥማችሁ ብታስቀምጡ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ጀርባቸው ወደ ውጭ ይሆናል አይደል? ልክ እንደዚያ ጭራዎቹ መሐል ላይ ይደበቃሉ፤ ራሶቹ በሁለቱም ፊት ከውሃው ጋር ይገናኛሉ።

የእያንዳንዱ ሕዋሳችን ሽፋን ይህ ነው። ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሶች ስቡን አውጥተው ውሃ ላይ አንድ ንብር አድርገው ቢዘረጉት ስፋቱ የሕዋሶቹን ገጽ እጥፍ ሆነ፤ ሽፋኑ ድርብ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ውፍረቱ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 200,000 ያህሉን መደራረብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ስስ ሽፋን ባይኖር ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሕይወት የራሷ ደጅና አጥር የኖራት በስብ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሽፋን ሳያዩት ሲሠሩበት ኖረዋል። በወተት ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ እንዲህ ባለ ስስ ሽፋን ተጠቅልላ ነው የምትንሳፈፈው። እርጎው ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ ቅቤው ይወጣል። ከተቀደደው ሽፋን ብዙው ከአሬራው ጋር ይቀራል። ቅቤ ሲነጠር ደግሞ ውሃው ይተናል፣ አተላውም ይለያል፤ ውሃ የሌለበት ቦታ ተህዋስያን አይራቡምና ንጥር ቅቤ ሳይበላሽ ይከርማል።

ኮሌስትሮልስ? እርሱም የሊፒድ ዘር ነው፤ ቅርጹ ግን መንሽ ሳይሆን አራት ቀለበቶች የተያያዙበት ነው። በሕዋስ ሽፋኑ መሐል እየገባ ሽፋኑ እንዳይደርቅም እንዳይላላም ይጠብቃል። ስብን የሚያሟማው ሐሞት ከእርሱ ይሠራል። የወንድነትና የሴትነት ሆርሞኖች ከእርሱ ይሠራሉ። ፀሐይ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውም ከኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ ነው። ጉበታችን ራሱ በየቀኑ ያመርተዋል። ስለዚህ «ኮሌስትሮል አለብህ» የሚባል ነገር የለም፤ የሌለበት ሰው አይኖርም። ጥያቄው መጠኑ ስንት ነው፣ የት ላይ ነው የተከማቸው የሚለው ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንመለስ።

ለአራሱ ልጅ፦ ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ

አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ በብዙ የአገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነው። «አንጀቱን ያርሰዋል»፣ «ሆዱን ያለሰልሰዋል» ይባላል። የሚያደርጉት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ከሁሉም በላይ ልናቆመው የሚገባን ነው፤ ምክንያቱንም ከሳንባው እንጀምር።

የሳንባችን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው። እርጥብ ላስቲክ እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ ሁሉ እነርሱም አየሩ በወጣ ቁጥር ሊጣበቁ ይፈልጋሉ። የማይጣበቁት ሰውነት ራሱ የሠራው ቅባት ስለሚለብሳቸው ነው፤ አብዛኛው ቀደም ብለን ያየነው ፎስፎሊፒድ ነው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ትንፋሽ የሚያጥራቸው ይህ ቅባት ገና ስላልተሟላላቸው መሆኑን ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይተዋል። እንግዲህ ሕፃኑ ሳንባውን የሚያለሰልስለትን ቅባት በልክ ተቀብቶ ነው የሚወለደው።

የቅቤ ጠብታ ግን ለሳንባ ባዕድ ነው። የአንድ ቀን ልጅ መዋጥንና መተንፈስን ገና እያቀናጀ ያለ ፍጡር ነው። ውሃ ወደ አየር ቧንቧው ቢገባ ያስለዋል፤ ቅባት ግን ለስላሳ በመሆኑ ሳል ሳያስነሳ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ከገባ በኋላ በውሃ አይታጠብም፤ ሳንባው የሚፈጭበት መንገድም የለውም። እዚያው ተቀምጦ ሳንባውን ያቆስላል። ሐኪሞች ይህን የሳንባ ምች በስሙ ለይተው ያውቁታል። ወደ ሆድ ቢሄድ እንኳ ቅቤው ከያዘው ተህዋስ ጋር ነው የሚገባው፤ ሕፃኑንም ከጡት ያዘናጋዋል።

ጡት ደግሞ ቅባት አጥቶ አያውቅም። ከእናት ወተት ከሚገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከስብ ነው፤ ያውም በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ለመፍጨት የተዘጋጀ። መጀመሪያ የሚመጣው እንገር አይጣልም፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ማለት ይቀላል። ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ የወተቱ ቅባት ይጨምራልና ልጁ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አታዙሩት። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም።

እትብቱም ላይ ቅቤ አይቀባም። ቁስል ነውና በር ይሆናል፤ ጤና ባለሙያ ከሰጣችሁ ቅባት በቀር ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ ያለውን ነጭ ቅባትም ለማጠብ አትቸኩሉ፤ ሰውነቱ ራሱ ያበጀው ካባ ነው፤ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይይዝለታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል።

ቅቤ የዋጠ ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካሳለው፣ ካተኮሰው ወይም ጡት እንቢ ካለ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ቅቤ መዋጡንም አትደብቁ። የሚደበቀው ነገር ነው ሐኪሙን የሚያሳስተው።

ለጠያቂዋ አራስ፦ አማትሽን «አይቻልም» ብለሽ አትጋፈጫቸው። «እማማ፣ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ፤ እርሱ በጡቴ በኩል ያገኘዋል» በያቸው። ሽንገላ አይደለም፤ እናቲቱ የምትበላው የቅባት ዓይነት በወተቷ ውስጥ በእርግጥ ይታያል። ለአማትም፦ እርስዎ አራስ ማረስ፣ ልጅ ማሸት፣ ፀሐይ ማሞቅ የሚያውቁ ሰው ነዎት፤ ቤቱ ያለ እርስዎ አይሆንም። ከሚያውቁት ውስጥ ይህችን አንዷን ብቻ ይተዉልን።

ስለ ፀሐይ ካነሳን አይቀር፦ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ብርሃኑ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ ያለፈ ፀሐይ ሙቀት ይሰጣል እንጂ ቫይታሚኑን አያሠራም፤ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ልጅም እንዲሁ። ይህ ሲጎድል የሚመጣው የአጥንት መለምለም፣ ሪኬትስ፣ ፀሐይ በሞላበት አገራችን ልጅ ከቤት ባለመውጣቱ ብቻ ይታያል።

ለሚያድገው ልጅ፦ አትንፈጉት

ሁለተኛዋ እናት ሆይ፣ አሳብሽ መልካም ነው፤ ግን ዕድሜው አይደለም። እስከ 2 ዓመት ድረስ ለጤነኛ ልጅ ቅባት አይቀነስም።

ምክንያቱ አንጎል ነው። አንጎላችን ውሃው ቢወጣ ከቀረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊፒድ ነው። የነርቭ ክሮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ሚየሊን ይባላል፤ አብዛኛው ስብ ነው። ባልተሸፈነ ክር ውስጥ መልእክት በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ሲሄድ በደንብ በተሸፈነ ክር እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ልጁ አንገቱን የሚያቀናው፣ የሚቀመጠው፣ የሚሄደው፣ የሚናገረው ይህ ሽፋን ተራ በተራ እየተለበሰ ሲሄድ ነው። ሥራው እስከ ጉልምስና ይዘልቃል፤ ግን በፍጥነት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሆዱ ትንሽ መሆኑ ነው። ውሃ የበዛበት አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ጉልበት አይሰጠውም። ከ6 ወር በኋላ በሚጀምረው ገንፎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ጣል ማድረግ ገንፎውን ሳያበዙ ጉልበቱን ያሳድጋል።

ሦስተኛው፣ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚሟሙት በቅባት ብቻ ነው። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ቫይታሚን ኤ የሚሠራበት ንጥረ ነገር አላቸው፤ ቅባት የሌለው ቅቅል ቢበላ ግን ብዙው ሳይጠቅም ያልፋል። ጎመኑን በዘይት ቁሌት የምንሠራው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም ዘይት ውስጥ የተሟሟ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ።

አራተኛው፣ ሰውነታችን ሊሠራቸው የማይችላቸው ቅባቶች አሉ። ጆርጅና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1929 ከአይጦች ምግብ ስቡን ሙሉ በሙሉ ቢያወጡት አይጦቹ ቆዳቸው ቆሰለ፣ እድገታቸው ተገታ። ሊኖሌይክ አሲድ ሲመለስላቸው ዳኑ። ይህን አሲድ በብዛት ከኑግ፣ ከሱፍና ከሰሊጥ እናገኛለን፤ የኦሜጋ 3ቱን ወገን ከተልባ። ዓሣና እንቁላል ደግሞ አንጎል በቀጥታ የሚጠቀምበትን ዓይነት ኦሜጋ 3 ይሰጣሉ፤ ከተልባው ሰውነት ወደዚያ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነውና ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል።

ልጅን ያለአግባብ የሚያወፍረው በገንፎው ላይ ያለው ማንኪያ ቅቤ አይደለም። ከ2 ዓመት በኋላ የሚለመደው በየመንገዱ የሚጠበሰው ቺፕስ፣ ጣፋጭ መጠጡና ቴሌቪዥን ፊት መዋሉ ነው። እዚያ ላይ ጨክኑ።

ለአያት፦ የሚረጋውን ቀንሱ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ ግን ምንም አይነግረንም። ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠሩት እንስሳት ናቸው፤ የዕፅዋት ዘይት ማንኛውም ቢሆን የለበትም ማለት ይቻላል። የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚጨምረው ደግሞ ከምግብ በቀጥታ የሚገባው ኮሌስትሮል ሳይሆን የጠገበው፣ የሚረጋው ስብ ነው።

እንዴት? ደም ውሃ ነው፤ ኮሌስትሮልም ዘይት ነው። ስለዚህ ጉበት በተለየ ጥቅል አሽጎ ይልከዋል። ኤልዲኤል የሚባለው ጥቅል ወደየሕዋሱ የሚወስድ ጫኝ ነው፤ ኤችዲኤል የሚባለው የተረፈውን የሚመልስ ነው። ጉበት ኤልዲኤሉን ከደም መልሶ የሚለቅምባቸው በሮች አሉት። እነዚህን በሮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የጠገበ ስብ ሲበዛ ጉበት በሮቹን ይቀንሳል። በሩ ያነሰ ቤት እንግዳውን ቶሎ አያስገባም፤ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ እየዞረ ይቆይና በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይሰገሰጋል። የልብ ድካምና ስትሮክ መንገዳቸው ከዚያ ይጀምራል። የታጠፈው ዘይት ሲተካ በሮቹ መልሰው ይበዛሉ።

እንግዲህ ከቅቤ ወደሚረጋ ዘይት መሸጋገር ከአንዱ የሚረጋ ወደ ሌላው የሚረጋ መሄድ ነው። ለወጡ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሱፍ አበባ ዘይት ይሁን፤ እርሱም በልክ። እነዚህ ዘይቶች የታጠፉ በመሆናቸው አየርና ብርሃን ቶሎ ያበላሻቸዋል፤ በጥቂት በጥቂቱ ገዝታችሁ ከድናችሁ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ በተጠበሰበት ደጋግማችሁ አትጥበሱ።

ቅቤስ ፈጽሞ ይከልከል? የዓለም ጤና ድርጅት የጠገበ ስብ ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 14 ግራም ሲሆን ግማሽ ያህሉ የጠገበ ነው። ስለዚህ በዓል ላይ ከዶሮው ጥቂት መቅመስ አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ሽሮውንም፣ ክትፎውንም፣ ገንፎውንም በቅቤ ማራስ ሌላ ነገር ነው። በተለይ ከረጅም ጾም በኋላ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ሐሞት ከረጢት ቅባት ሲመጣ ይኮማተራል፤ ጠጠር ያለበት ሰው በፋሲካ ማግስት የሚያጣጥረው ለዚህ ነው።

ደግሞም ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ የቅቤ ጥፋት አይደለም። በዘር ጉበታቸው በሮቹ ጥቂት የሆኑባቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ምግብ ብቻ አይበቃቸውም። ሐኪም ኪኒን ካዘዘ «ቅቤ ትቻለሁና» ተብሎ አይቋረጥ። የደም ግፊትና ስኳር ካለም አብሮ ይታይ።

ማዕዱ አንድ፣ ድርሻው የየራስ

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። እስከ 6 ወር ለሕፃን ጡት ብቻ፤ ቅቤው በአፉም በእትብቱም አይግባ። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ገንፎው ላይ ማንኪያ ቅባት አይጉደል። ለአያት የሚረጋው ይቀነስ፤ የማይረጋው ይተካ። አራሷ ደግሞ ደህና ትብላ።

ቅቤ ጠላት ነው ብሎ የሚያባርረውም፣ ቅቤ መድኃኒት ነው ብሎ ለሁሉም የሚያስውጠውም ወገን አንድ ነገር ይረሳል፤ የቤተሰቡ አባላት ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ያው ማንኪያ ለልጅ ልጁ አንጎል የሚገነባ ሲሆን ለአያቱ የደም ሥር የሚያጠብብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወጡ ሲወጣ ቅቤውን በድስቱ ላይ ከመገልበጥ ይልቅ ለየሰዉ በሰሐኑ ላይ ጣል ማድረግን ሞክሩት። ትንሽ ለውጥ ናት፤ ግን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ያሉትን ሁሉ እያንዳንዳቸውን አስባ ታበላለች።